ሠላሳ ዘጠኝ ዙር

ብቸና፣ ኅዳር ፳፬ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸደንያ ወልደ ኪዳን፣ ሞጣ

የመድኃኔ ዓለም ሰላም ከቤትሽ አይራቅ። እማዬስ እንደምን ሰነበተች? ጉልበቷን ሳሚልኝ። እኛ ቤት ሁሉም ደኅና ነው። ኔትወርኩ ከጠፋ አራተኛ ወሩን ስለያዘ እንደ ድሮ ሰው በወረቀት መገናኘት ጀመርን። ይህም አይከፋም፤ በስልክ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ተጯጩኸን ነበር የምንለያየው።

ነጋዴዋ አገሬ የላክሽውን ፍላሽ ቅዳሜ ዕለት አደረሰችልኝ። በርበሬ ጆንያ ውስጥ ሸሽጋ ስላመጣችው እያስነጠስኩ ነው የተቀበልኳት። ደብሩ ጽሕፈት ቤት ካለው ኮምፒውተር ሰክተን ሰማነው። እህቴ፣ ሳልደብቅ ልንገርሽ፤ ይህ አባታችን አይደለም።

በገናው የሱ በገና ነው፤ መዝሙሩም ያው መዝሙሩ ነው። ድምፁ ግን ቀጥኗል፣ ቸኩሏል። እኔ አባታችንን በየእሑዱ ከቅዳሴ መልስ ከሸክላው እሰማዋለሁ። ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ ከባድ ድምፅ ነው ያለው። ፍላሹ ላይ ያለው ማንም ጎረምሳ ነው። በሐምሌ «ሸክላውን ስጠኝና ባሕር ዳር ወስጄ በዲጂታል ላስቀዳው» ስትዪኝ እንዴት እንደፈራሁ ታስታውሻለሽ። ሸክላው በደኅና ተመለሰ፤ ተመስገን። የተቀዳው ግን ሌላ ሰው ሆኖ መጣ።

እኔ ማሽን አላውቅም። ይህን ግን አውቃለሁ፤ ሸክላው ላይ ያለውን መስመር የቀረጸው የአባታችን ድምፅ ራሱ ነው፤ መርፌው የሚሄደውም እሱ በሄደበት መንገድ ነው። ያንቺ ዲጂታል ድምፁን ፈጭቶ ቁጥር ያደርገውና ከቁጥሩ መልሶ ድምፅ ልሥራ ይላል። ዱቄት ተመልሶ እህል ይሆናል?

ነገሩ የወንድምና የእህት ጨዋታ እንዳይመስልሽ። አባታችን አዲስ አበባ ያንን አንድ ሸክላ ተቀርጾ ሲመለስ ዓባይ በረሃ ላይ መኪናው ከተገለበጠ ዘንድሮ ሃምሳ ዓመቱ ነው። የደብሩ አለቃ ለጥር ፳፩፣ ለአስተርእዮ ማርያም በዓል፣ መዝሙሩ በድምፅ ማጉያ እንዲሰማ፣ ከዚያም ሰንበት ትምህርት ቤቱ እያባዛ ለሕዝቡ እንዲሰጥ ወስነዋል። ከዚያ ቀን በኋላ ለአገሩ ሰው ወልደ ኪዳን ማለት እኔ የሰጠሁት ድምፅ ነው። የተሳሳተውን አሳልፌ ብሰጥ አባቴን ሁለተኛ መቅበሬ ነው።

እኔ ያኔ የሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አንቺ ገና በሆድ ነበርሽ። በሕይወት ካሉት ሰዎች እሱን ፊት ለፊት የሰማች እማዬ ብቻ ናት። አሰሚያትና ምን እንዳለች ቃል በቃል ጻፊልኝ።

ወንድምሽ ይታያል

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

ሰላምታህም ቁጣህም ደርሰውኛል። መሪጌታ ሆኖ በጾም እንዲህ መቆጣት ይፈቀዳል? እኛ ደኅና ነን። ትምህርት ቤቱ አንድ ሳምንት ይከፈታል፣ አንድ ሳምንት ይዘጋል፤ እኔም በተከፈተበት ሳምንት የሁለት ሳምንት ፊዚክስ አስተምራለሁ።

ጎረምሳ ላልከው መልስ አለኝ። አባታችን ሲሞት ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። ጎረምሳ ነበር፣ ወንድም ጋሼ። አንተ ዘንድሮ ሃምሳ ሁለት ሞልቶሃል፤ አባትህን በሃያ አራት ዓመት ትበልጠዋለህ። ይህን አስበኸው ታውቃለህ?

ስለ ዱቄቱ ደግሞ። ድምፅ ማለት የአየር መንቀጥቀጥ ነው። ሸክላው ያንን መንቀጥቀጥ በመስመር ይጽፈዋል፤ ዲጂታሉ በየሰከንዱ ከአርባ ሺህ ጊዜ በላይ እየለካ በቁጥር ይጽፈዋል። ሁለቱም ጽሕፈት ናቸው። አንተስ ድጓው ላይ ምልክቱን እያየህ አይደለም የምታዜመው? ዜማው በምልክት ስለተጻፈ ሞተ ብሎህ የሚያውቅ ተማሪ አለ?

እኔ እንደሚመስለኝ ሸክላውና ፍላሹ አልተጣሉም። የተጣሉት ሁለቱ ማጫወቻዎች ናቸው። የባሕር ዳሩ ባለሙያ ደምለው መቅዳት ከመጀመሩ በፊት የማጫወቻውን ፍጥነት ሲለካ አጠገቡ ቆሜ አይቻለሁ። የአባታችን ሸክላ፣ መካከሉ ላይ እንደተጻፈው፣ በደቂቃ አርባ አምስት ጊዜ መዞር አለበት። ቀስ ብሎ ከዞረ ድምፁ ወፍራም፣ የተረጋጋ፣ ከባድ ይሆናል። ሦስቱም ቃላት ከደብዳቤህ የተወሰዱ ናቸው።

ስለዚህ እንዲህ አድርግ። ሸክላው ጠርዝ ላይ ትንሽ ነጭ ወረቀት ለጥፍ። ሰዓት ያዝ። አንድ ደቂቃ ሙሉ ወረቀቱ በፊትህ ስንት ጊዜ እንዳለፈ ቁጠር። አርባ አምስት ከሆነ ብቸና ድረስ መጥቼ እግርህ ላይ እወድቃለሁ።

እማዬ ደኅና ናት። ብርድ መቷት ነበር፤ ተሽሏታል። ሰላም ብላሃለች።

ጸደንያ

ብቸና፣ ታኅሣሥ ፲፬ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ለእህቴ ለጸደንያ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን። ምን አለች ብዬ ጠየቅሁሽ፤ አንቺ ብርድ መቷት ነበር ብለሽ በግማሽ መስመር አለፍሽኝ። ይህን ያህል ሞኝ አድርገሽ አትቁጠሪኝ።

ወረቀት አልለጥፍም። ማጫወቻውን አጎታችን ወልደ ሰንበት በስልሳ ዘጠኝ ዓ.ም. ከደብረ ማርቆስ ገዝተው ካመጡልን ጀምሮ አርባ ሰባት ዓመት ከእጄ አልወጣም። የሚያዞረው ጎማ በላላ ቁጥር ከብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ እየቆረጥኩ የምተካው እኔ ነኝ። ገጥሜውም ዝም ብዬ አልተወውም። አባታችን አባታችንን እስኪመስል ድረስ አንዴ እያሳሳሁ፣ አንዴ እያላላሁ ግማሽ ቀን የምፈጅበት ጊዜ አለ። እንዲህ የለፋሁበትን ነው ተሳስቷል የምትዪኝ?

ደግሞ ታማኝ ስላልሽው ዲጂታል አንድ ጥያቄ አለኝ። ሸክላው ላይ በገናው ከመደርደሩ በፊት አባታችን ጉሮሮውን ይጠርጋል። እህህ ይላል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ይጀምራል። በልጅነቴ ከመዝሙሩ ይልቅ ያቺን እህህታ ነበር የምወድዳት፤ አሁን ሊያናግረኝ ነው እል ነበር። ፍላሽሽ ላይ ፈልጌ አጣኋት። የት ገባች? የሞተን ሰው ጉሮሮ የሚሰርቅ ማሽን ነው ታማኝ የሚባለው?

እማዬም ምስክሬ ናት። ማጫወቻው የመጣ ዕለት የአምስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። የመጀመሪያው ቃል እንደተሰማ እማዬ ተነሥታ ወደ ጓሮ ወጣች፤ ተከትያት ስሄድ ጌሾው ሥር ተቀምጣ ስታለቅስ አገኘኋት። የባሏ ድምፅ ባይሆን ኖሮ ምን ያስለቅሳት ነበር?

ሌላም የሚያስጨንቀኝ ነገር አለ። በየደብዳቤሽ መጨረሻ እማዬ ምርቃት ታስጽፍሽ ነበር። ለነጋዴዋ ለአገሬ እንኳ ሳይቀር ትመርቅ ነበር። በመጨረሻዎቹ ሁለት ደብዳቤዎችሽ ላይ ግን አንድም የለም። ሰላም ብላሃለች የሚለው ያንቺ ቃል ነው፤ የእማዬ ሰላምታ እንዲህ አያጥርም። ጸደንያ፣ ምን ደብቀሽኛል?

ይታያል

ሞጣ፣ ታኅሣሥ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.

ወንድም ጋሼ፣

በመጀመሪያ ይቅርታ አድርግልኝ። ስለ ጉሮሮው ልክ ነህ። ደምለው ሁለት ዓይነት ቅጂ ልኮልኝ ነበር። አንዱ እንዳለ የተቀዳ፣ ሌላው መንኮሻኮሹ የጸዳ ነው። እኔ የጸዳው ይሻላል ብዬ፣ ሌላውን ከፍቼ እንኳ ሳልሰማ፣ እሱን ላክሁልህ። ለካ ሲያጸዳ የአባታችንን እህህታ ከጭረቱ ጋር እንደ ኮሽታ ቆጥሮ ጠርጎታል። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ቁጥር አይዋሽም እያልኩ ሳስተምር የሰው እጅ ሲገባበት እንደሚዋሽ ረስቼ ነበር። እንዳለ የተቀዳውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬዋለሁ። እህህታውም አለ፣ ጭረቱም አለ። ድምፁ ግን ያው የጎረምሳው ነው።

እኔ ጥፋቴን አመንኩ። አሁን ተራው ያንተ ነው። የጻፍከውን ቅጂ ስለማትይዝ ራስህን ልጥቀስልህ፤ «አባታችን አባታችንን እስኪመስል ድረስ አንዴ እያሳሳሁ፣ አንዴ እያላላሁ» ብለሃል። የትኛውን አባታችንን እስኪመስል? ፊት ለፊት ሰምተኸው የማታውቀውን ነው ወይስ ከዚያው ማጫወቻ የሰማኸውን? አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ በገናህን በራሱ በበገናው እየቃኘህ እንደሆነ አይታይህም? ከመጠምጠም መማር ይቅደም ብዬ መሪጌታን አልሳደብም። ግን ቁጠር።

ስለ እማዬ እንዲህ ነው። ቃል አስገብታኛለች። «ራሱ ካልደረሰበት አንቺ እንዳትነግሪው» ብላኛለች። ቆጥረህ ቁጥሩን ስትልክልኝ ቃሌ ይፈታል፤ ሁሉንም እጽፍልሃለሁ። ከዚያ በፊት ብትቆጣም ብትለምንም አልጽፍም። በሕይወት አለች፣ ትበላለች፣ ትጸልያለች። ይህን ይዘህ ታገሥ።

ደግሞ ተናደህ ተነሥተህ እንዳትመጣ። አገሬ ከግንደወይን ወዲህ መኪና አንድ ቀን ያልፋል፣ ሦስት ቀን ይቆማል ትላለች። እሷም ከዚህ ጉዞ በኋላ ገና ሳያልፍ ወደዚህ አትመለስም።

እህትህ ጸደንያ

ብቸና፣ ጥር ፪ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

ሠላሳ ዘጠኝ።

ሦስት ጊዜ ቆጠርኩ። መጀመሪያ ብቻዬን ቆጠርኩ። ተሳስቼ ይሆናል ብዬ ባለቤቴ ሀብትነሽ ሰዓት ይዛልኝ ቆጠርኩ። ሰዓቱ ይሆናል ብዬ የጎረቤት ሰዓት አስመጣሁ። ሠላሳ ዘጠኝ።

ከዚያ አንቺ ያላዘዝሽኝን አደረግሁ። ሸክላውን በጣቴ ጠርዙ ላይ ቀስ እያልኩ ገፋሁት፤ ሀብትነሽ እየቆጠረች አርባ አምስት አካባቢ አደረስኩት። ጣቴ ፍጥነቱን እኩል ስለማይጠብቅ ድምፁ ተንቀጠቀጠ። ግን ወጣ። ያ ጎረምሳ ከራሴ ሸክላ፣ በራሴ መርፌ፣ በቤቴ ውስጥ ወጣ። ሀብትነሽ ሰማችና «ይሄማ የፍላሹ ሰውዬ ነው» አለች። ጣቴን አነሣሁ። ድምፁ እየወፈረ፣ እየዘገየ፣ የማውቀው አባቴ ሆነ።

የማያውቁት አገር አይናፍቅም ይላሉ። እኔ ግን የሌለ ሰው ስናፍቅ ኖርኩ። ድምፄ ሲጎረምስ የሱን ልምሰል ብዬ ጎድጓዳ ገደል አፋፍ እየሄድኩ ከደረቴ ሥር ማውጣት የተለማመድኩት ያንን ነው። ደቀ መዛሙርቴ «የመሪጌታ ይታያል ድምፅ የአባቱ ነው» ሲሉ ኩራት ልቤን ሲሞላው ኖሯል። የማንን ድምፅ ነው የተሸከምኩት? የላላ ላስቲክ ድምፅ ነው። ያውም ራሴ የቆረጥኩት።

አፈርኩ፣ ጸደንያ። ተማሪዎቼ ፊት መቆም አቅቶኛል። ለአለቃው ምንም እንደማልሰጥ ነግሬአቸዋለሁ። ሸክላውንም ፍላሹንም አልሰጥም። አልቀየሙኝም፤ «እስከ በዓሉ አስብበት» ብለውኛል።

ቁጥሩን ልኬልሻለሁ። ቃልሽን ጠብቂ።

ይታያል

ሞጣ፣ ጥር 9 ቀን 2016 ዓ.ም.

የምወድህ ወንድሜ፣

ደብዳቤህን አንብቤ ከማልቀሴ በፊት ትንሽ ኮራሁብህ። ሦስት ጊዜ መቁጠር ለተማሪዎቼ ለምኜም አልተሳካልኝም።

ቃሌን ልጠብቅ። ለእማዬ ፍላሹን ያሰማኋት ላንተ ከመላኬ በፊት፣ በጥቅምት መጨረሻ ነው። ያኔ ጆሮዋ መድከም ጀምሮ ነበር፤ ማዳመጫ አድርጌላት ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ድምፁ ሲወጣ በሁለት እጇ ማዳመጫውን ያዘችና «ወልዴ!» አለች። ስትስቅ እንዲህ አይቻት አላውቅም፣ ወንድም ጋሼ። የሃያ ዓመት ሴት ሆነች። ከዚያ ፊቷን ቋጠረችና «እንዴ፣ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ጀመረ? እሱ ጉሮሮውን ሳይጠርግ ጀምሮ አያውቅም» አለችኝ። እኔ እርጅና ነው ብዬ ናቅሁት። አንተ ስትጽፍልኝ ነው የደነገጥኩት።

ያን ዕለት ስለ ጓሮው ለቅሶም ነገረችኝ። እንዲህ ነው ያለችው፦ «ያ ሣጥን ሲከፈት የማላውቀው ሽማግሌ ቤቴ ገብቶ የባሌን መዝሙር ሲዘምር ሰማሁ። እህህታው የወልዴን ይመስላል፣ ድምፁ ግን አይደለም። ወልዴን አገኘው ብዬ ስጠብቅ እንደገና አጣሁት፤ ለዚያ አለቀስኩ። ተመልሼ ስገባ ልጁ ሣጥኑን አቅፎ አባቴ፣ አባቴ ይላል። ታዲያ የአባትህ ድምፅ አይደለም ብዬ እንዴት አፌን ልክፈት? አንዴ ቀብሮታል፤ እኔ ነኝ ደግሜ የምቀብርበት?» ስለዚህ ዝም አለች። አርባ ሰባት ዓመት ሙሉ፣ ወደ እኔ እስክትመጣም በየእሑዱ ያንን ሽማግሌ አብራህ እየሰማች፣ ዝም አለች።

የደበቅሁህ ይህን ብቻ አይደለም። በኅዳር ብርድ መታት ያልኩህ ጊዜ ጆሮዋ ተዘጋ። የእኔን ድምፅ አትሰማም። የቤተ ክርስቲያኑን ቃጭል አትሰማም። ምርቃት ያላስጻፈችህ የምጽፈውን ሳነብላት ስለማትሰማና ስለምታፍር ነው። ሐኪሙ እንዳለው የጆሮ ድካም መጀመሪያ የሚወስደው ቀጭኑን ድምፅ ነው፤ ወፍራሙን ለመጨረሻ ያቆየዋል። እንዳለ የተቀዳውን፣ እህህታ ያለውን፣ ላንተ ከመላኬ በፊት አሰማኋት። ማዳመጫውን ይዛ ከንፈሬን እያየች «ጀመረ?» አለችኝ። መዝሙሩ አልቆ ነበር። እውነተኛው የአባታችን ድምፅ ሙሉ ሆኖ ሲመጣ እሷ ዘገየች። ከዚያ ሌሊት በላይ የከፋኝ ሌሊት የለም። ይህን እንዳልነግርህ የለመነችኝ በዚህ መንገድ ተነሥተህ እንዳትመጣ ፈርታ ነው።

አሁን የመጨረሻውን ስማኝ። ባለፈው ሐሙስ ጎረቤታችን ሹፌሩ ታዘበው በሩ ላይ ቆሞ «እንዴት ዋላችሁ» አለ። ድምፁ እንደ ነጋሪት እንደሆነ ታውቃለህ። እማዬ ጀርባዋን ሰጥታ ተቀምጣ ነበር፤ አላየችውም። ሁለት ወር ሙሉ ማንንም ያልሰማችው ሴት ቀና አለችና «ይታያል መጣ?» አለች።

የማን ድምፅ ነው የተሸከምኩት ብለህ ጠይቀሃል። የአባታችን እንዳልሆነ አንተም እኔም እማዬም እናውቃለን። ያንተ ነው። በተበላሸ ጎማ ይሁን በሌላ፣ ገደል አፋፍ ቆመህ ያወጣኸው አንተ ነህ። በዚህ ቤት እናታችን የምትሰማው ድምፅ እሱ ብቻ ነው የቀረው፤ ሐኪሙ ደግሞ እሱም ለብዙ ጊዜ እንደማይቆይ ነግሮኛል።

እንዳትመጣ ብዬህ ነበር። አሁን አልልም። መንገዱን አንተ ታውቃለህ።

ጸደንያ

ብቸና፣ ጥር ፲፭ ቀን ፳፻፲፮ ዓ.ም.

እህቴ፣

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ሲባል እሰማ ነበር፤ ለካ የኔ ነገር ነው። ሁሉም አውቆ እኔ መጨረሻ ሰማሁ። አልተቀየምኩሽም። እማዬንም እንዲሁ። ትናንት ሙሉ ቀን ስናደድ ዋልኩ፤ ማታ ግን የምናደድበት ሰው አጣሁ።

ያለ ማጽዳት የተቀዳውን ፍላሽ ዛሬ ጠዋት ለአለቃው ሰጠሁ። ፊታቸው ቆሜ አብረን ሰማነው። «ይታያል፣ ይህ ያንተን ድምፅ አይመስልም» አሉኝ። «አዎ አባቴ፣ አይመስልም። አባቴ በሃያ ስምንት ዓመቱ እንዲህ ነበር፤ እናቴ መስክራለች» አልኳቸው። ከጭረቱ ምንም እንዳይነኩበት አደራ ብያለሁ። ሰንበት ትምህርት ቤቱንም ከነእህህታው እንዲያባዛ አስምያለሁ። ማጫወቻው እንዳለ ይቀመጣል፤ ላስቲኩን አልነካውም። እሑድ እሑድ ያንን ሽማግሌ መስማቴን የምተው አይመስለኝም፤ እሱም አሳድጎኛል።

በዓሉ ዕለት ግን አልገኝም። አለቃው ባይደሰቱም ፈቅደውልኛል። ነገ ማለዳ አገሬ እስከ ግንደወይን በእህል መኪና ታደርሰኛለች፤ ይህን ደብዳቤ ግን ቀድሞኝ እንዲደርስሽ ዛሬውኑ ወደ ሞጣ በሞተር ብስክሌት ለሚሄድ መንገደኛ ሰጥቼዋለሁ። ከግንደወይን ወዲያ መኪና ከሌለ እኔም በእግሬ ነኝ። የምይዘው በገናዬን ብቻ ነው።

እማዬ እኔ መምጣቴን እንዳታውቅ። በምልክትም እንዳትነግሪያት። ጀርባዋን ለበሩ ሰጥታ እንደ ልማዷ ትቀመጥ። እኔ ከኋላዋ ቆሜ መጀመሪያ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ።

ይታያል